እናት ለትምህርት ስትሄድ ቤቱን የሚረከበው ማን ነው?

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ላነጋግራችሁ ያሰብሁት በብዙ የመንግሥት ሠራተኞች ቤት በየዓመቱ እየደረሰ፤ ነገር ግን የቤት ገመና ነው እየተባለ በአደባባይ የማይነገር ጉዳይ ነው። ይኸውም እናት ለትምህርት ወይም ለሥልጠና ወደ ሩቅ ከተማ ስትሄድ፤ ትንንሽ ልጆች ይዞ በቤት የሚቀረው የአባት ነገር ነው። ስለ እናትነት በየጊዜው ብዙ ተነግሯል፤ ብዙም ተጽፏል። አባት ግን በንግግራችን ውስጥ የሚነሣው ደመወዝ ሲያመጣና ልጅ ሲቆጣ ብቻ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይመስለኝም።

ነገሩን በደፈናው ከመናገር አንድ ስፍራ ይዞ መናገር ይሻላልና ገዘርን እንውሰድ። ገዘር በደቡብ አሪ ወረዳ፤ ከጂንካ ብዙም ሳትርቅ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በዙሪያዋ እንሰት፣ ቡና፣ ኮረሪማና ጎደሬ የሚተክለው የአሪ ገበሬ ይኖራል፤ በከተማይቱ ውስጥ ደግሞ አስተማሪው፣ የጤና ባለሙያው፣ የግብርና ሠራተኛውና የጽሕፈት ቤቱ ሰው አሉ። አዲስ አበባ የምትኖር እናት እዚያው አዲስ አበባ ሥልጠና ብትገባ ማታ ማታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ከገዘር ወደ አርባ ምንጭ ለትምህርት የምትሄድ እናት ግን መንገዷ በጂንካ አልፎ፤ በቀይ አፈር፣ በወይጦና በኮንሶ በኩል የሚዞር ነው። ልጅ አተኮሰው ተብሎ በስልክ ቢነገራት እንኳ ሌሊቱን ደርሳ የምትመለስበት ርቀት አይደለም። ስለዚህ በገዘር የሚቀረው አባት በእውነት ብቻውን የቀረ ሰው ነው።

እናቶች ወደ ትምህርት የሚሄዱበት ምክንያት መልካም ምክንያት ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር 10ኛ ክፍልን ያጠናቀቁ ሴቶችን እየመረጠ፤ አንድ ዓመት እያሠለጠነ፤ በየገጠሩ ቀበሌ ሁለት ሁለቱን አሰማራ። ቁጥራቸውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30 ሺህ በላይ ደረሰ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ሥራ ከጀመሩ፤ ካገቡና ከወለዱ በኋላ ደረጃቸውን ለማሻሻል እንደገና ወደ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ገብተዋል። አስተማሪዎችም እንዲሁ ናቸው፤ የክረምቱን ወራት በኮሌጅ ወይም በዩኒቨርስቲ እያሳለፉ ከምስክር ወረቀት ወደ ዲፕሎማ፤ ከዲፕሎማም ወደ ዲግሪ ይሸጋገራሉ። ይህን ትምህርት አንዲት እናት ልጆች አሏት ተብሎ ብትከለከል፤ አገሪቱም እርሷም ይጎዳሉ። በዚህ ላይ የምንከራከር አይመስለኝም።

ነገር ግን አንድ አስተውሉ የምላችሁ ነገር አለ። የክረምት ትምህርት የሚሰጠው አስተማሪዎች ከማስተማር በሚያርፉበት ጊዜ ነው። አስተማሪዎች የሚያርፉትም ተማሪዎች ቤት በሚውሉበት ጊዜ ነው። እንግዲህ እናት ከቤት የምትወጣው ልጆቹ ከጠዋት እስከ ማታ ቤት በሚውሉበት በዚያው በሐምሌና በነሐሴ ነው ማለት ነው። የትምህርት ጊዜ ሰሌዳ ያወጡ ሰዎች ይህን አስበውት እንደ ሆነ እንጃ፤ በአባት ላይ የሚደርሰው ሸክም ግን በዓመቱ ውስጥ ከሁሉ የከበደው ነው።

እስቲ በሐሳባችን አንድ ቤት እንመልከት። አባት በወረዳው ጽሕፈት ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ እናት አስተማሪ ናት። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ የ10 ዓመት ሴት ልጅ፣ የ8 ዓመት ወንድ ልጅና ሁለት ዓመት ያለፈው ሕፃን። ሐምሌ ሲገባ እናት ልብሷንና ደብተሯን ሸክፋ ትሄዳለች። አባት ደግሞ የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ቀን ተዘግቶ ሐምሌ 1 ቀን አዲሱ የሚከፈት ስለ ሆነ፤ በዚህ ወር ከመዝገቡ ቀና የሚልበት ጊዜ የለውም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ይገባል፤ ለምሳ ብቅ ይላል፤ ማታ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣል።

በዚህ ጊዜ ቤት ያለው ማን ነው? የ10 ዓመቷ ልጅ ናት።

ማንም ጠርቶ አልሾማትም። እናቷም አላዘዘቻትም፤ አባቷም አልለመናትም። ነገር ግን ጠዋት ማልዳ ተነሥታ እሳት የምታያይዘው እርሷ ናት። ጎደሬውን የምትቀቅለው፣ ሻዩን የምታፈላው፣ የሕፃኑን ፊት የምታጥበው፣ ጀሪካኗን ይዛ ውኃ የምትቀዳው እርሷ ናት። የ8 ዓመቱ ወንድሟ በዚያ ሰዓት ኳስ ይጫወታል፤ አንተስ ለምን አትረዳትም የሚለው ሰው የለም። እርሷ ከእኩዮቿ ጋር ቅልልቦሽ ልትጫወት ብትወጣ እንኳ ሕፃኑን በጀርባዋ አዝላ ነው። ሕፃኑ ቢያለቅስ ጨዋታውን ትታ ትመለሳለች። ማታ አባቷ ሲገባ እግሩን የሚታጠብበት ውኃ ተቀርቦ፣ ራቱ ተሠርቶ ያገኘዋል። በስልክም ለባለቤቱ፤ «ቤቱ ደኅና ነው፤ ልጆቹም ደኅና ናቸው፤ አንቺ ብቻ በርትተሽ ተማሪ» ይላታል። ቃሉ ሐሰት አይደለም። ቤቱ ደኅና የሆነው ግን በእርሱ አይደለም።

ዛሬ ልናገረው የመጣሁት ዋና ነገር ይኸው ነው። እናት ስትሄድ ክፍት የሚሆነው ቦታ አባት ካልገባበት ክፍት ሆኖ አይቀርም፤ ትልቋ ሴት ልጅ ትገባበታለች። የእናቲቱ የትምህርት ዋጋ የሚከፈለው እንግዲህ ከልጂቱ ዕረፍት፣ ከልጂቱ ጨዋታ፣ አንዳንድ ጊዜም ከልጂቱ ትምህርት ነው። እናት በመስከረም ዲግሪዋን ወይም ውጤቷን ይዛ ስትመለስም ነገሩ አያበቃም፤ ልጂቱ ሁለት ወር የያዘችው ሥራ በእጇ ለምዶ ይቀራልና። «አንቺማ ጎበዝ ነሽ፤ ቤቱን ቀጥ አድርገሽ የያዝሽው አንቺ ነሽ» የሚለው ምስጋና ለልጅ ጣፋጭ ነው፤ ግን ማታ ማታ ደብተር የምትይዝበትን ሰዓት የሚወስድ ምስጋና ነው።

አንዳንድ አባቶች ይህ እንዳይሆን ብለው ከገጠር የዘመድ ልጅ ያስመጣሉ። ይህ ግን ሸክሙን ከአንዲት ልጅ ወደ ሌላዪቱ ማዛወር እንጂ ማውረድ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል፤ ሆኖም ለትርፍ ባልሆነ የግል አገልግሎት፤ ማለት በሰው ቤት የሚሠሩትን አይመለከትም። ስለዚህ የመጣችውን ልጅ የሚጠብቃት የሰውየው ሕሊና ብቻ ነው። ሴት አያት በቅርብ ካለች በእርግጥ መልካም ነው፤ ልጆችም ይደሰታሉ። ነገር ግን አያት ዕድሜዋን በሙሉ ልጅ ያሳደገች ሴት ናት፤ ልትረዳ ትመጣ ይሆናል እንጂ እንደገና ከመጀመሪያው እንድትጀምር መጠበቅ ደግ ነገር አይደለም።

ሕጉ ራሱ በዚህ ጉዳይ ላይ ምን ያህል መንገድ እንደ ሄደ መመልከት ለመንግሥት ሠራተኛ የተለየ ጥቅም አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 635 ባል የቤተ ሰቡ አለቃ ነው ይል ነበር፤ ሚስትም እንድትታዘዘው ያዝ ነበር። በቁጥር 646 ደግሞ ባል አገልጋይ ሊያቀርብላት የማይችል ሲሆን ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ደነገገ። እንግዲህ በዚያ ሕግ ዓይን በቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሠራተኛ ብቻ ነበረ፤ አገልጋይና ሚስት። ባልየው ከሠራተኞቹ ቁጥር አልገባም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ይህን ለውጦ፤ ባልና ሚስት በቤተ ሰባቸው አስተዳደር እኩል መብት እንዳላቸው፤ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆቻቸውም በጋብቻው ጊዜ አባትና እናት በአንድነት አሳዳጊና ሞግዚት እንደ ሆኑ ደነገገ። ከክልሎችም ብዙዎቹ በዚያው መንፈስ የየራሳቸውን ሕግ አወጡ። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብት ስምምነትም በአንቀጽ 18 ልጅን የማሳደግ ኀላፊነት የሁለቱም ወላጆች የጋራ ነው ይላል። ሞግዚት የሚለውን ቃል ልብ በሉት። በሕግ ሞግዚት የተባለ ሰው በማጀቱ ውስጥ እንግዳ ሆኖ መኖሩ የሚያስገርም አይደለምን?

ሕግ ተለወጠ፤ ተረቱ ግን አልተለወጠም። «ወንድ ወደ ችሎት፤ ሴት ወደ ማጀት» የሚለውን ያልሰማ የለም። በትንሽ ከተማ ደግሞ ሁሉም ይተዋወቃል፤ በገዘር አንድ የጽሕፈት ቤት ሰው ሕፃን አዝሎ ወደ ገበያ ቢወጣ ወሬው ከእርሱ ቀድሞ ቢሮ ይደርሳል። ብዙ አባቶችን ከልጃቸው የሚያርቃቸው ስንፍና ሳይሆን ይህ ሣቅ ነው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ሣቁ መሠረት የሌለው ነው። በጦር ሠፈር ለወታደሩ የሚያበስለው ወንድ ነው። ሴት በማትገባባቸው ገዳማት እህል የሚፈጨው፣ ዳቤ የሚጋግረው፣ ወጥ የሚሠራው መነኵሴ ነው። በታላላቅ ሆቴሎች ዋናው ወጥ ቤት ብዙ ጊዜ ወንድ ነው፤ ደመወዙም ደኅና ስለ ሆነ ማንም አይሥቅበትም። እንግዲህ ነውር የሆነው ወንድ ማብሰሉ አይደለም፤ ለገዛ ልጁ ማብሰሉ ነው ማለት ነው። ይህን ማንም በቅን ልቡና ቆሞ ሊከላከለው የሚችል ሐሳብ አይደለም።

ወንድ ሕፃን ለመያዝ አልተፈጠረም የሚሉም አሉ። በመካከለኛው አፍሪካ ጫካዎች ውስጥ በአደንና በለቀማ የሚኖሩ አካ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ባሪ ሂውሌት በመካከላቸው ኖሮ ሲያጠና፤ አባቶቹ ከቀንና ከሌሊቱ ጊዜ ከ100 እጅ 47 እጅ ያህሉን ሕፃናታቸውን ይዘው ወይም እጃቸው በሚደርስበት ቅርበት ሆነው እንደሚያሳልፉ ጽፏል። እነዚህ አባቶች አዳኞች ናቸው፤ ወንድነታቸውንም የሚጠራጠር የለም። ስዊድንም እ.ኤ.አ. በ1974 ልጅ ለማሳደግ የሚሰጠውን ፈቃድ ለእናት ብቻ ሳይሆን ለአባትም ክፍት በማድረግ ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። ነገሩ የልማድ ነገር ነው፤ ልማድም በሥራ ይገኛል።

ስለዚህ ወደ ሥራው እንግባ።

ሥራው የሚጀምረው እናት በምትሄድበት ቀን አይደለም። ከመሄዷ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። በመሥሪያ ቤት አንድ ሠራተኛ ሲዛወር ርክክብ ይደረጋል፤ መዝገቡ፣ ቁልፉ፣ የእጅ ሥራው ሁሉ እየታየ ይቆጠራል። በቤትም ርክክብ ይደረግ። አባት በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ሕፃኑን ራሱ ያጥበው፤ ራሱ ያብላው፤ ራሱ ያስተኛው። እናት በአጠገቡ ሆና ትመልከት እንጂ እጁን አትያዝበት። ሕፃኑ የሚወደው የቱ ጣሳ እንደ ሆነ፤ ሌሊት በስንት ሰዓት ለሽንት እንደሚነሣ፤ ምን ሲበላ ሆዱን እንደሚያመው በደብተር ይጻፍ። የክትባት ካርዱ የት እንደ ተቀመጠ ይታወቅ። ለምሳሌ የኩፍኝ ክትባት በ9ኛውና በ15ኛው ወር የሚሰጥ ስለ ሆነ ቀኑ በእናት መንገድ መካከል ቢውል ይዞት የሚሄደው አባት ነው። እዚህ ላይ ለእናቶችም አንድ ቃል አለኝ። አባት ሕፃኑን ሲያለብስ ልብሱን ገልብጦ ቢያለብሰው አትሣቁ፤ ነጥቃችሁም አታስተካክሉ። ሕፃኑ ተገልብጦ በለበሰው ልብስ አይጎዳም፤ አባትየው ግን በሣቁ ይሸሻል።

ገና የሚጠባ ሕፃን ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ሕፃን እስከ 6 ወር ከእናት ጡት በቀር ሌላ ምግብ አያስፈልገውም፤ ከዚያም በኋላ እስከ ሁለት ዓመት ቢጠባ መልካም ነው። እንዲህ ያለውን ሕፃን ነጥሎ ማስቀረት አይገባም። እናት ይዛው ትሂድ፤ የሚያሠለጥነውም ተቋም ስፍራ ያዘጋጅላት። ለፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች የወጣው አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች ለሴት ሠራተኞች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር። ሐሳቡ የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን ማቆያው ለሴት ሠራተኞች ተብሎ ሲጻፍ ልጅ የሚያመጣ ወንድ ሠራተኛ ይኖራል ብሎ ያሰበ ሰው በዚያ ስብሰባ ላይ እንዳልነበረ ያሳያል።

በምግብ ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ አባት ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው ይህን ነውና። በእንሰት አገር ወንድ ይተክላል፤ ይነቅላል፤ የሚፍቀው ግን የሴት እጅ ነው። ቆጮ በጉድጓድ ተቀብሮ ሲብላላ ሳምንታትና ወራት ስለሚቆይ፤ እናት አስቀድማ ብታዘጋጅ ለሁለት ወር የሚበቃ ቆጮ ከጉድጓድ ሊገኝ ይችላል፤ የከተማ ሰውም ከገበያ ይገዛዋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ማውጣት፣ መጭመቅ፣ ቃጫውን በቢላዋ መክተፍና በምጣድ ላይ መጋገር ነው። ይህን መማር ለአንድ የሒሳብ ሠራተኛ ሒሳብ ከመዝጋት አይከብድም።

ነገር ግን አባት ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ቆጮም ቡላም ጎደሬም ሆድ ይሞላሉ፤ ጉልበትም ይሰጣሉ፤ ሥጋ የሚገነባው ነገር ግን በውስጣቸው ጥቂት ነው። ልጆች ሆዳቸው ጠግቦ ሰውነታቸው ሊራብ ይችላል። ስለዚህ በሕፃኑ ገንፎ ላይ እንቁላል ይመታበት፤ ባቄላ ወይም አተር ተፈጭቶ ይግባበት፤ ወተት ካለ ወተት፤ ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ ይደረግበት። ጎመንና ሽፈራው በአካባቢው በቀላሉ የሚገኙ ናቸው፤ ተቀቅለው ደቅቀው ይጨመሩ። ከ9 ወር ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመት ያለ ሕፃን በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ መብላት አለበት፤ በመካከልም ሙዝ ወይም ሌላ ነገር ይቀመስለት። ገንፎው ከማንኪያ ላይ የማይፈስ ወፍራም ይሁን፤ ቀጭን አጥሚት ሆድ ይነፋል እንጂ አያሳድግም። ሁለት ዓመት ያለፈውም ቢሆን በቀን ሁለት ጊዜ ከትልልቆቹ ጋር ቀርቦ የደረሰውን ያህል ይብላ ተብሎ የሚተው አይደለም፤ በትልልቆቹ እጅ ፍጥነት ተቀድሞ ሳይበላ ይነሣልና የራሱ ሳሕን ይኑረው።

ስለ ሕመም ደግሞ አጭር ነገር ልናገር። ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን የሚገድለው የውኃ ማለቅ ነው። ኦ አር ኤስ የሚባለው ዱቄት ከጤና ጣቢያ ይገኛል፤ አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጦ በትንሽ በትንሹ ማጠጣት ነው፤ 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋል። ከዚያ ጋር የሚሰጠው የዚንክ ክኒን ተቅማጡ ቢቆምም እስከ 10 ቀን ይቀጥላል። ወባ ባለበት አገር ያተኮሰው ሕፃን በዚያው ቀን ይታይ። መጠጣት ካቃተው፣ የዋጠውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ደንዝዞ መንቃት ካቃተው ግን ቀኑን ሳይሆን ሰዓቱን መጠበቅ አይገባም። ሒሳቡ ይቆይ፤ የቢሮው በር ይዘጋ። ይህን ውሳኔ ለ10 ዓመት ልጅ ትቶ ወደ ሥራ መሄድ ትልቅ አደጋ ነው። እሳትና የፈላ ውኃም እንዲሁ ናቸው፤ ጉልቻ አጠገብ ሕፃን ያዘለች ልጅ ብቻዋን አትቁም።

ልጆቹ እናታቸውን መናፈቃቸው አይቀርም። ብዙ ሰዎች እናት ስትሄድ ሕፃኑ እንዳያለቅስ ተደብቃ ትውጣ ይላሉ። እኔ ይህን አልደግፍም። ተደብቃ የሄደች እናት ከሕፃኑ ዘንድ ሁልጊዜ ልትጠፋ የምትችል ሰው ትሆናለች፤ ከዚያ በኋላ አባቱ ወደ ደጅ ሲወጣም ይጮኻል። ተሰናብታው ትሂድ፤ ያልቅስ፤ አባቱ ያባብለው። ነገ ትመጣለች የሚለው ማታለልም ይቅር። ሕፃን ስምንት ሳምንት መቁጠር አይችልም፤ ገበያን ግን ያውቃል። የጂንካ ትልቁ ገበያ የሚውለው ቅዳሜ ነው፤ በገዘር ያለ ልጅም ሰው ወደ ጂንካ ገበያ ሲወጣ እያየ ቅዳሜን ያውቀዋል። ስምንት ጠጠር በጣሳ ውስጥ ይቀመጥ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ አንድ ይውጣ። የስልኩም ሰዓት ይወሰን፤ ራት ከተበላ በኋላ ቢሆን ይሻላል፤ ልክ በመኝታ ሰዓት ከሆነ ናፍቆቱ እንቅልፍ ይነሣል። በስልክም ልጆቹ ራሳቸው ይነጋገሩ እንጂ አባት በመካከል ገብቶ ደኅና ናቸው እያለ አይመልስላቸው።

የሴት ልጅን ፀጉር መጎንጎን የማይችል አባት ጎረቤት ይለምን፤ ይህ አያሳፍርም። በአገራችን ጎረቤት ትልቅ ሀብት ነው፤ እትዬ እገሊት ሳትጠራ ገብታ ቡናውን ታፈላለች፤ ሕፃኑንም ታጥባለች። ነገር ግን በጎረቤት ፊት አባት ሕፃኑን እያቀበለ ከሸሸ እትዬ እገሊት በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለተኛዪቱ ሸክም ተሸካሚ ትሆናለች። ለአንድ ነገር ለይቶ መለመን፤ ከዚያም ማመስገን ነው። ወንዱንም ልጅ ከኳሱ ላይ እየጠሩ ድርሻውን መስጠት ይገባል። የ8 ዓመት ልጅ ውኃ ይቀዳል፤ ሳሕን ያጥባል፤ ቤት ይጠርጋል። አባቱ ሲሠራ ካየ ለምን እኔ ብሎ የሚጠይቅበት ምክንያት አይኖረውም።

የሚቀረው የመሥሪያ ቤቱ ነገር ነው። እስከ አሁን ስናገር «ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ግን እኔ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ነኝ» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ሚስቱ ለወለደችለት ሠራተኛ 10 የሥራ ቀን ፈቃድ ሰጥቶ ነበር፤ የአሠሪና ሠራተኛው አዋጅ የሚሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ነው። እነዚህ ሁሉ ግን ለወሊድ ናቸው። እናት ለትምህርት ስትሄድ ለአባት ተብሎ የተሰጠ ፈቃድ በእነዚህ አዋጆች ውስጥ የለም። ያለው የዓመት ፈቃድ ነው። 20 የሥራ ቀን ያለው ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ቢወስደው አራት ሳምንት ይሆናል፤ ከስምንቱ ግማሹ ማለት ነው። ግማሽ ግማሽ ቀን እየተደረገ ቢሰጠው ደግሞ ስምንቱንም ሳምንት ከሰዓት በኋላ ከልጆቹ ጋር ይውላል። ይህን ለመፍቀድ አዲስ ሕግ አያስፈልግም፤ የአንድ የሥራ ኀላፊ በጎ ፈቃድ ይበቃል።

እናንተ ኀላፊዎች ሆይ፤ በዚህ ነገር ላይ ብዙ ትችላላችሁ። መሥሪያ ቤቱ አንዲትን እናት ለሥልጠና ሲልክ ደብዳቤውን የሚፈርመው ኀላፊ «ልጆቹን የሚይዘው ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፤ ባልየውም በሌላ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ከሆነ ለዚያ ጽሕፈት ቤት አንድ ማስታወሻ ቢጽፍ ምን ይከብደዋል? ሕፃን ታሞበት የዘገየን አባት «ሚስትህ የለችም ወይ?» ብሎ ከማላገጥ ፋንታ የጠዋቱን ሰዓት ማታ እንዲያካክስ ቢፈቅድለት ሥራው አይጎድልም። በሐምሌ ሒሳብ የሚዘጋ ሰው እንኳ ቢሆን ከባልደረባው ጋር ቀኑን ተከፋፍሎ ሊሠራ ይችላል፤ በሚቀጥለው ክረምት የባልደረባው ሚስት ትሄዳለችና ውለታው ይመለሳል።

ለሥራ ወደ ዓረብ አገሮች ሄደው ሁለትና ከሁለት በላይ ዓመት ስለሚቆዩ እናቶችና በቤት ስለሚቀሩት አባቶች ዛሬ አልተናገርሁም። ያ ጉዳይ ከስምንት ሳምንት ጋር የሚተካከል አይደለምና ራሱን የቻለ ሰፊ ጊዜ ይጠይቃል።

የእናቲቱ መመለሻ ቀን ሲደርስ ምን እንደሚሆን ተናግሬ ላብቃ። ሁለት ዓመት ያለፈው ሕፃን እናቱ በደጅ ስትገባ ሮጦ ያቅፋት ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ። ብዙ ጊዜ ከአባቱ እግር ኋላ ይሸሸጋል፤ ፊቱንም ያዞራል። እናት በዚህ ጊዜ ልቧ እንዳይሰበር አስቀድሞ ይነገራት፤ ይህ የመርሳት ምልክት ሳይሆን የኩርፊያ ነው፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይመለሳል። አባትም በዚያው ማታ ልጁን አቀብሎ፤ «እንኳን መጣሽ፤ እኔ ደክሞኛል» ብሎ ወደ ጓደኞቹ አይውጣ። ሕፃኑ እስኪለምዳት ድረስ የሚያበላውም የሚያስተኛውም እርሱ ይሁን። የ10 ዓመቷ ልጅም በዚያ ማታ ከእናቷ ጎን ትቀመጥ፤ አርባ ምንጭ ምን እንደሚመስል፤ የዓባያ ሐይቅ በእርግጥ ቀይ መሆኑንና አለመሆኑን ትጠይቅ። ራቱን አባት ያቅርብ፤ ሳሕኑን ወንዱ ልጅ ያንሣ።